ቤት የተበላ ሁሉ

ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን የፎቃችን ደረጃ አጋማሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ትንሽ ደከም ብሎኝ ነው» አሉኝ። ትንሽስ አልነበረም። የስፌት መኪናቸውን ፔዳል መርገጥ አቅቷቸው ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ሰፊ መሄድ ጀምረዋል። በዚሁ መሃል ነርስ የሆነችው የእህታቸው ልጅ ልትጠይቃቸው መጣችና ደግፈን ቤት አስገባናቸው።

«አጎቴ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«በምግብስ አልታማም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የቤት ምግብ የበላ አይታመምም ትል ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህም የውጭ ምግብ ባፌ አልዞረም።»

«ትናንት ምን በሉ?»

«እንደ ወትሮው ነዋ። ጎመን፣ ምስር፣ እንቁላልም አይጠፋም።»

ልጅቷ ወጥ ቤት ገባች፤ ተከተልኳት። ድስቶቹ እንደተደፉ አቧራ ለብሰዋል። የሚበላ ነገር ቢፈለግ ነጭ ዳቦና ስኳር ብቻ ነው። ሰውየው ግን እየዋሹ አልነበረም።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አጎቴ፣ የነገሩኝ እትዬ ትሠራልዎት የነበረውን ነው።»

ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩ። «ዳቦውንም ቢሆን የምበላው ቤቴ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ከወንበሯ ፊት ለፊት።»

«ቤት ስለተበላ ብቻ ምግብ አይሟላም። ያኔ ጤና የሰጠዎት ጎመኑና ምስሩ ነው። ዳቦና ስኳር ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት ሆኖ አይሰነብትም። ነገ ደምዎን እናስመርምር፤ ድስቱን ግን ዛሬ እናውጣ።»

«አንድ ጊዜ ሠርቼ ነበር፣ ልጄ። ስቀምሰው የእሷ ዓይነት አይደለም። መሞቷ የገባኝ ያን ቀን ነው። ድስቱን አጥቤ ደፋሁት።»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ናፍቆት እንዲህ አድርጎ ሰው ያስርባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«የእሷን ያህል አይሆንም፣ አጎቴ» አለች እጃቸውን ይዛ። «እሷ ግን ያን ሁሉ ዘመን እሳት ዳር የቆመችው እርስዎ እንዲበረቱ ነበር።»

በማግስቱ ሲመረመሩ ደማቸው አንሶ ተገኘ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ጎመንና ምስር መቀቀል ጀመሩ፤ ቀስ በቀስ መኪናቸው ድምፁን አሰማ፣ ደንበኞቹም ተመለሱ። አንባቢዬ፣ አንተም በደንብ እበላለሁ ከማለትህ በፊት የትናንቱን ገበታህን አስታውስ፤ የምናምነውና የምንጎርሰው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

ባለፈው እሁድ ምሳ ጋበዙኝ። አንድ ጎርሰው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ። «ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።»

ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ደግመው ጎረሱ።