የእማዬ ቮይስ

በሰው አገር፣ ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ወደ ካርቲየ ሰባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት ያገሬ ልጆች ከፊቴ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ወሬውን የጀመረችው እሷ ነች።

«የእማዬን ቮይሶች በሙሉ አጥፍቻቸዋለሁ።»

«ውይ! ለምን?»

«ስልኬ ሞልቶ ነዋ። ማዳም ቢሮ ሆና ‹ልጄን ቅረጪና ላኪልኝ› ትላለች፣ በቀን አሥር ጊዜ። ቦታ የለም ሲለኝ የእማዬን አጠፋሁ። ትሞታለች ብዬ መች አሰብኩ? ነገ ሌላ ትልክልኛለች ብዬ ነው እንጂ።»

«የልጁን አታጠፊም ነበር?»

«ማዳም ስልኬን እየተቀበለች ታያለቻ! እንዴት አድርጌ?»

«አይዞሽ፣ እህቴ።»

«አንድ ቦታ ግን ድምጿ ተርፏል። ልጁን ይዤ አንቺ ጋ የመጣሁ ቀን፣ ባንቺ ስልክ ደውለንላት የለ?»

«አዎ፣ ላውድ ላይ አድርጌው።»

«ያኔ በኔ ስልክ ልጁን ሲስቅ እየቀረፅኩት ነበር። ትናንት ከፍቼ ሰማሁት። ‹ምሳ በላሽ ወይ ልጄ?› ትላለች።»

«ተመስገን! በይ ለኔም ላኪልኝ፣ እሱም እንዳይጠፋብሽ።»

«እኔ ምን እንዳልኳት ትዝ ይልሻል?»

«ረስቼዋለሁ፣ ምን አልሻት?»

«‹እማዬ፣ አንዴ ዝም በይ፣ ቪዲዮው ይበላሻል› አልኳት። እሷም ዝም አለች።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ለማለት ግን ድምፄን ማውጣት አስፈራኝ።