ሁለት ወንበር የያዘ ሰው

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ በር ላይ የቆማችሁም ግቡና ተቀመጡ፤ ቦታው ቢጠብ ጠጋ ጠጋ ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ጀምሬ ላውጋችሁ።

በአሜሪካ አገር፣ በሐይቅ ዳር፣ በዱሉት ከተማ፣ ማረን ኮልስታድ የምትባል የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሆስፒታል ውስጥ ለተመራማሪዎች መጠይቅ ታስሞላለች። ምኞቷ አንድ ነው፤ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የዶክትሬት ትምህርት ተምራ፣ ጠዋት ጠዋት «ትምህርት ቤት አልሄድም» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው የሚያለቅሱ ሕፃናትን ማከም።

ይህ ትምህርት ግን እንደ ሌላው ገንዘብ ከፍለው ተመዝግበው የሚገቡበት አይደለም። አንድ ፕሮፌሰር በዓመት የሚቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ያችን አንዲት ወንበር ብሎ ሁለት መቶ ሰው ያመለክታል። ማረን ሁለት ዓመት አመልክታ ሁለቱንም ዓመት ባዶ እጇን ቀርታለች። በሦስተኛው ዓመት አዮዋ ውስጥ የምታስተምር ሃድሊ ስትሮም የምትባል ፕሮፌሰር ለቃለ መጠይቅ ጠራቻት። ሄደች፤ ተጠየቀች፤ ተመለሰች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ «ተጠባባቂ ነሽ። የተመረጠው ሰው ከተወው እንጠራሻለን።»

የተመረጠ ሰው መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል አሥራ አምስት ነው። ማረንም ለእናቷ «አራተኛ ጊዜ አላመለክትም፤ አቅሜም ልቤም አለቀ» ብላ ነበርና፣ ያ ቀን ለእሷ የፍርድ ቀን ሆነ።

ኤፕሪል አሥራ አንድ፣ ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ በረዶ ከዝናብ ጋር ተደባልቆ ሲወርድ፣ ማረን ልብሷን ተሸክማ ወደ ሠፈሩ የልብስ ማጠቢያ ቤት ገባች። ስልኳን እንዳይሰወርባት ማድረቂያው ማሽን ላይ አስቀመጠችው። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ስልኩ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የተደወለ እየመሰላት ትዘላለች፤ አንስታ ታያለች፤ ምንም የለም። ይህን አራት ጊዜ አደረገች። እንግዲህ ጭንቀት ሰውን እንዲህ ነው የሚያጫውተው።

በአምስተኛው ስትዘል በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ከኋላቸውም ፊቱ በቅርጫት የተጋረደ ረጅም ጎረምሳ።

«ማረን? አንቺ ነሽ እንዴ!» አለ ጎረምሳው ቅርጫቱን ሲያወርድ።

«ቴየር! ደግሞ አንተን ዱሉት ምን አመጣህ?»

ቴየር ብራንድቮልድ ከማረን ጋር በዚያው ቀን፣ በዚያችው ፕሮፌሰር ዘንድ የተጠየቀ ልጅ ነው። እንደ ትምህርት ቤቱ ልማድ እንግዶቹን ቤቷ ያሳደረቻቸው አንዲት የዚያው ተማሪ ነበረች፤ ማረን ሶፋው ላይ፣ እሱ ወለሉ ላይ ተኝተው የጥርስ ሳሙና ተካፍለዋል።

«የአክስቴ ማጠቢያ ማሽን ሞተ» አለ ቴየር።

«ሞተ አትበል፤ ገደልኩት በል!» አሉ አሮጊቷ። «ምንጣፍ ከቶበት እኮ ነው ልጄ። እኔ ቬርና እባላለሁ፤ የእናቱ አክስት ነኝ። ልጁ ለጭንቅላት እንጂ ለእጅ አልተፈጠረም። ጭንቅላቱን ግን ጉድ በይ፤ ሁለት ቦታ መረጡት! ካሊፎርኒያና አዮዋ።»

አዮዋ። ማረን የምትጠብቃት ወንበር በዚህ ልጅ ኪስ ውስጥ ናት ማለት ነው።

«እንኳን ደስ አለህ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «የቱን መረጥክ?»

ቴየር የማሽኑን ቁልፍ ያለ ምክንያት ጫን ለቀቅ አደረገው። «ካሊፎርኒያ ይመስለኛል። ግን እስከ አሥራ አምስት ድረስ ጊዜ አለኝ አይደል?»

«አለህ እንጂ!» አሉ እማማ ቬርና። «እኔ ነኝ የመከርኩት። በእርሻ ያደገ ሰው የያዘውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አይለቅም። ካሊፎርኒያ ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ?»

ማረን ዝም ልትል ፈለገች። ብትናገር ለራሷ የምትናገር ይመስላል፤ ዝም ብትል ደግሞ አራቱ ቀናት ያልቃሉ። መጨረሻ ላይ አፏ ቀደማት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ ቬርና፤ በደብዳቤ የሰጡትን ወንበር መልሰው አይነጥቁም። እነሱም ሕግ አላቸው።»

«ሕግ አላቸው? ታዲያ ቀኑን ያስቀመጠው ሕጋቸው አይደለም? ሰው እንዲጠቀምበት ነው ያስቀመጡት።»

«ቀኑ የተቀመጠው ያልወሰነ ሰው እንዳይጣደፍ ነው እንጂ የወሰነ ሰው እንዲቀመጥበት አይመስለኝም። ቴየር ልቡ ካሊፎርኒያ ከሆነ፣ አዮዋን ይዞ በቆየባት በእያንዳንዷ ቀን ሌላ ሰው ስልክ ስልኩን ያያል።»

«ይየው! ማየት ምን ይጎዳል?»

«ያ ሰው ቤት ልልቀቅ፣ ሥራ ልልቀቅ፣ ምን ላድርግ ሳይል ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው። በመጨረሻዋ ሰዓት ሁሉም አንድ ላይ ከለቀቁ ደግሞ ፕሮፌሰሮቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰው ያሳድዳሉ። ያላገኙት ወንበር ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይቀራል። አንድ ሐኪም ጎደለ ማለት እኮ ነው።»

እማማ ቬርና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ከብት ሲገዙ የኖሩ ዓይኖች ናቸው።

«ለመሆኑ ይሄን ስልኩን የሚያየውን ሰው ታውቂዋለሽ?»

ማረን ዓይኗን ወደ ስልኳ ወረወረች። ማድረቂያው በዚያው ቅጽበት ቀጥ አለ፤ ቤቱ ጭር አለ።

«እህ!» አሉ አሮጊቷ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለራስሽ ነዋ የምትሟገቺው! እኔ ደግሞ ለሕዝብ ነው ብዬ።»

«አክስቴ፣ ይተዉአት እንጂ» አለ ቴየር፤ ጆሮው ቀልቷል።

የማረን ፊት ነደደ። ገና እርጥብ የሆነውን ልብሷን በሁለት እጇ እያፈሰች ከረጢት ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። እንባዋ ቢመጣም አላፈሰሰችውም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ለራሴ ነው። ስለዚህ እኔን ከነገሩ ያውጡኝ። ሁለተኛ ልሁን አምስተኛ እንኳ አላውቅም፤ ቴየር ቢለቅ ወንበሯ ለማላውቀው ሰው ልትሆን ትችላለች። እኔ ባልኖርስ ኖሮ የተናገርኩት ስህተት ይሆን ነበር?»

«ጎሽ፣ ምላስሽስ አልደረቀም» አሉ እማማ ቬርና፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ለዘብ አለ። «እስቲ ንገሪኝ፤ አንቺ ሁለት ቢኖርሽ ትለቂ ነበር?»

«እለቅ ነበር ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። ግን ሁለት ኖሮኝ አያውቅም።»

አሮጊቷ ሳያስቡት ሳቁ። ማረን ወደ ቴየር ዞረች።

«ቴየር፣ ፕሮፌሰር ስትሮም ‹ትምህርት ቤት የሚፈራ ልጅን ምን ትለዋለህ?› ብላ አልጠየቀችህም?»

«ጠይቃኛለች። ‹በቀረ ቁጥር ፍርሃቱ ይደልባል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን አብረነው በሩ ድረስ እንሄዳለን› አልኳት።»

«እኔም እንደዚሁ ነው ያልኳት።»

ቴየር ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም። ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ ካወቅሁ» አለ። «ካሊፎርኒያ ነው የምሄደው። ለአዮዋ ‹አልመጣም› ብዬ ልጽፍ እከፍታለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል። ብሳሳትስ? ያች በር አንዴ ከተዘጋች አትከፈትም እላለሁ። ሁለቱን ይዤ ስቀመጥ ሰላም የማገኝ ይመስለኛል።»

«የምን ሰላም!» አሉ እማማ ቬርና። «ሳምንቱን ሙሉ ወለሌን ስትረግጥ አይደል የምትከርመው? ድመቴ እንኳ ጠልታህ ወደ ምድር ቤት ወርዳለች።»

ይህን ብለው ከቅርጫቱ ውስጥ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ አውጥተው ጫፉን ሲዳብሱ ቆዩ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሽማግሌ ሰው ክርክር የሚሸነፈው በሌላ ሰው አፍ ሳይሆን በራሱ ትዝታ ነው።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ቤት ሆነን አንድ የእህል መውቂያ ማሽን ነበረን። በወንፈል ነው የምንወቃው፤ አንድ ሳምንት እኛ ጋ፣ አንድ ሳምንት እነሱ ጋ። አባቴ አጃውን ማክሰኞ ጨረሰ። ‹ምናልባት የታችኛው ማሳ ይቀረኝ ይሆናል› አለና ማሽኑን ሁለት ቀን አቆየው። የታችኛው ማሳ ምንም አልነበረበትም፤ ብቻ ከፊቱ እንዲርቅ አልፈለገም። ማሽኑ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ዶሮዎች ይሰፍሩበት ነበር። ተራው የጎረቤቶቻችን የነሄግስታድ ነበር። ሐሙስ ዝናብ ጀመረ፤ ዘጠኝ ቀን ዘነበ። የሰዎቹ አጃ ነዶው ላይ እንዳለ በቅሎ ተበላሸ።»

«ከዚያስ?» አለች ማረን።

«ከዚያማ ማንም አባቴን አልወቀሰው። ሳምንቱ እስኪያልቅ ማቆየት መብቱ ነበር። እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከነሄግስታድ ፈንጠር ብላ ነበር የምትቀመጠው፤ እስክትሞት ድረስ። መብት ነበረን፤ የምንቀመጥበት ቦታ ግን አጣን።»

ከዚያ እማማ ቬርና በክርናቸው ቴየርን ጎሰም አደረጉት።

«በል ጻፍ። ሰበብ አታብዛ፤ ‹አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቦታ መርጫለሁ› በልና ስምህን አስቀምጥ። ሦስት መስመር ይበቃል። በሩ ድረስ አብረንህ ሄደናል፤ እንግዲህ ምን ቀረህ?»

ቴየር ስልኩን አወጣ። ማረን እንደ ዳኛ ከአናቱ መቆም አልፈለገችምና ወጥታ ከጣሪያው ጥግ ሥር ቆመች። ትከሻዋ ላይ በረዶ እየቀለጠ፣ አሁንስ ጽፎ ይሆን፣ ትቶት ይሆን፣ እያለች ቁጥር ቆጠረች፤ ሁለት መቶ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። ስትመለስ ቴየር ስልኩን ኪሱ ከቶታል። እማማ ቬርና የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ዘረጉላት፤ ሦስቱም ይዘው አጣጥፈው ማጠቢያው ውስጥ ከተቱት።

አርብ ነጋ። ጠዋት ስልክ የለም። ቀትር ሆነ፤ የለም። ማረን «እንግዲህ ከፊቴ ሌላ ሰው ነበረ» ብላ ልቧን አሳመነች፤ ልቧ ግን አላመነም፤ ምሳዋን ሳትነካው መለሰችው። ሥራ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ የሆስፒታሉን ደረጃ ስትወርድ፣ ስልኩ በእውነት ጮኸ።

«ማረን፣ ሃድሊ ስትሮም ነኝ። ወንበሯን ዛሬም ትፈልጊያታለሽ?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እፈልጋታለሁ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ዛሬ ገና አርብ በመሆኑ ደስ ብሎኛል» አለች ፕሮፌሰሯ። «ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ቀን እየተሯሯጥኩ ነው ሰው የምፈልገው። ባለፈው ዓመት ሳላገኝ ቀርቼ ወንበሬ ባዶዋን ከረመች።»

ስልኩ ሲዘጋ የማረን ጣት ወደ እናቷ ስም ሄደ። ግን ቆመች። ኔብራስካ ውስጥ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ስሟን በተጠባባቂዎች መዝገብ ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ ይዞታል። ያን የጭላንጭል ተስፋ እንኳ ልትለቅ ስትል አመነታች። አዮዋ የሰጠችኝ በስህተት ቢሆንስ? የመቀበያው ደብዳቤ ባይመጣስ? ለካ ቴየር ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሸከመው ይህን ነበር። ደብዳቤው እስኪመጣ እዚያው ደረጃው ላይ ጠበቀች፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እንደመጣ ፈረመችና ወዲያው ለኔብራስካ ሦስት መስመር ጻፈች፦ ስሜን አውጡት፤ አመሰግናለሁ፤ ቦታ አግኝቻለሁ። ለእናቷ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጥቅሙን ተመልከቱ። አንድ ልጅ ፍርሃቱን ተሻግሮ ሦስት መስመር በመጻፉ እሱ ሰላም አገኘ፤ ፕሮፌሰሯ ተማሪ አገኘች፤ ማረን ወንበር አገኘች፤ በኔብራስካም፣ እኔም እናንተም የማናውቀው አንድ ሰው በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ከፍ አለ። ለነገ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን የሚይዙ ሕፃናት ሐኪም ያገኛሉ። የያዙትን ሁሉ መያዝ መብት ነው፤ ልብ የመረጠውን ይዞ ሌላውን በጊዜ መልቀቅ ግን ጉርብትና ነው።

አንድ ቀን ሁለት በር ቢከፈትላችሁ፣ አስቡና ምረጡ፤ ማንም አያጣድፋችሁ። ከመረጣችሁ በኋላ ግን፣ እባካችሁ፣ በሌላኛው በር ደጃፍ የቆመ ሰው እንዳለ አስታውሱልኝ።