ገና ያልተቆረጠ ማር

ፌስቡክ ለገበሬው ገበያ አመጣለት ይባላል፤ ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ እንደሰማሁት ከሆነ ግን ያመጣለት ጥድፊያ ነው። ከፊቴ አንድ ንብ አርቢ ሽማግሌና የእህታቸው ልጅ ተቀምጠዋል። የሽማግሌው ስልክ አያርፍም።

“ያንሱት እንጂ፣ አጎቴ።”

“አንስቼ ምን ልበል? ማር የለኝ።”

“ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትን የማርዎን ፎቶ ስንቱ ሰው እንደወደደው አላዩም?”

“ቀምሶ ነው የወደደው?”

“ከአዲስ አበባ ድረስ ነው እኮ የሚደውሉት። ድሮ ከቦንጋ ገበያ ወዲያ ማን ያውቅዎት ነበር?”

“ገበያው የሚያውቀኝ በደረሰ ማር ነው። ንቦቹ የሚቀስሙት የገተም ዛፍ ገና እያበበ ነው፤ ማሩንም በሰም አልከደኑትም።”

“ቀደም አድርገን ብንቆርጠውስ?”

“ይቦካላ። ለመሆኑ ስሜን ጽፈሃል?”

“ከነፎቶዎ።”

“አጥፋው።”

“ካጠፋሁት ነገ የሌላ ሰው ማር ይወዳሉ።”

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሽማግሌው ጥቂት አዩትና አነሱት።

“አቤት። አዎ፣ የገተም ነጭ ማር ነው። አለ፣ አለ፤ በዚህ ሳምንት እንቆርጣለን።”

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እናንተ ግን የገተሙ አበባ እስኪረግፍ አትደውሉላቸው።