ፎቁ ሳያልቅ

በገበያ ቀን አህመዲን መካነ ሰላም ከሚገኝ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባ። ከጅዳ ከመመለሱ በፊት ገንዘብ እየላከ ለጀመረው ፎቅ ሰማያዊ መስተዋት ሊመርጥ ነበር። ባንኮኒው አጠገብ አንዲት ሴት የመስኮት ማጠፊያ ታገላብጣለች። ቀና ስትል ልቡ ድንግጥ አለ፤ ፈርሂያ ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር ሲለፋ አንድ ቀን ያልረሳት፣ «ቤት ሳልሠራ አላገባሽም» እያለ ሰባቱን ያስጠበቃት፣ በስምንተኛው አንድ አስተማሪ ያገባች ፈርሂያ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አህመዲን። እንዴት ከረምክ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ። ቤታችሁ እስካሁን አላለቀም እንዴ?» አለ ማጠፊያውን እያየ። ብትጠብቂኝ ኖሮ ፎቅ ቤት ነበረሽ ማለቱ ነው።

«አላለቀም። ስንጋባ መስኮቱ ላይ ጆንያ ነበር የሰቀልነው። አምና ወለሉን ሲሚንቶ አስደረግን፣ ዘንድሮ መስኮቱ ይገጠማል። እስከዚያው ሁለት ልጆች ወልደንበታል። አንተስ? ፈይዛን አጭተሃል ሲሉ ሰማሁ።»

«ፎቁ ይለቅና። ወንድ ልጅ ቤቱን ሳይጨርስ አያገባም፤ የአባቶቻችን ወግ ነው።»

«አይደለም! አባትህ ሲያገቡ ምን ቤት ነበራቸው? ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ነው ያቆመላቸው፤ እናትህ ራሳቸው ጭቃውን ረግጠዋል። ፎቅ ይለቅ የሚለውን ከስደት ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?»

«ሄደ እንጂ! ሄዶ ሄዶ ሌላ ቤት ገባ» አለችና ሳቀች።

አህመዲን አልሳቀም። «ፎቁን ለማን ብዬ እንደጀመርኩት ታውቂያለሽ። መስኮቱ ሁሉ ወደ እናንተ ሰፈር ነው የሚያየው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፈርሂያም ሳቋን ተወች። «አውቃለሁ። እኔ ግን ስጠብቅ የነበረው አንተን ነው እንጂ ፎቅ አልነበረም። ያንን ሁሉ ዓመት ብሎኬት አይመልሰውም። እኔ ዛሬ በቤቴ ደስ ብሎኛል። ፈይዛ ግን አሁንም እየጠበቀች ነው። እኔን ባጣህበት መንገድ እሷንም እንዳታጣት።»

ማጠፊያዋን ይዛ ወጣች። አህመዲን ቆሞ ቀረ፤ አፈረም፣ አዘነም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ በፈርሂያ በኩል እውነት ነው። የፈይዛ ድስት ግን ገና አልተጣደም።

መስተዋቱን ተወና አንድ የበር ቁልፍ ብቻ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ፈይዛ አባት ቤት ሄደ። በሁለተኛው ጁምዓ ኒካሁ ታሰረ። ያልተለሰነውን ምድር ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ ለሰነው፤ የፈርሂያ ባል ሳይቀር አሸዋ ሲያቀብል ዋለ። ፈይዛ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋን ተከለች፣ ሁለት ልጃገረዶችም ሙያ ያዙ። አብረው የጀመሩት ቤት ጎዶሎውም አያሳፍርም። ይህን ያዩ ሦስት ወጣቶች በዚያው ዓመት ጣሪያቸውን ቆርቆሮ እንዳለበሱ አገቡ።

የአህመዲን ላይኛው ፎቅ ዛሬም አላለቀም። ወደ ሰማይ እንደቆሙ በቀሩት ብረቶች ላይ ፈይዛ ገመድ አስራ የሕፃን ልብስ ታሰጣበታለች።