ማዕዶት የመረጠችው ትምህርት

መምህርት ማዕዶት በምትኖርበት የባዕድ አገር ከተማ፣ ወደ ካሳራኒ ሰፈር በሚሄደው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቧ ተቀመጡ። ቀና ብትል ጋሼ ዘገዬ ናቸው። ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር የቧንቧ ዕቃና የውሃ ሮቶ ይነግዳሉ፤ የአባቷ ባልንጀራ ነበሩና አባቷ ካረፉ ወዲህ እንደ ልጃቸው ይመክሯታል።

ጤንነት ከተጠያየቁ በኋላ፣ ማታቱው ቲካ መንገድ ላይ በመኪና ብዛት ተይዞ ቆመ።

"ሁለተኛ ዲግሪ ልትማሪ ነው ሲሉ ሰማሁ። አስተዳደር ነው አይደል?" አሉ ጋሼ ዘገዬ።

"አይደለም ጋሼ። ልጆች አፋቸውን ባልፈቱበት ቋንቋ ሲማሩ እንዴት እንደሚረዱ የሚያጠና ትምህርት ነው የመረጥኩት።"

ሽማግሌው ቅር አላቸው። "አንቺ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ። አስተዳደር ብትማሪ ምክትል ርዕሰ መምህርነቱ ያንቺ ነው ተብሏል። ሹመት ደጅሽ ቆሞ ሳለ ቋንቋ ምን ያደርግልሻል? ቋንቋማ ገበያ ያስተምራል። እኔን ስዋሂሊ ማን አስተማረኝ?"

ማዕዶት የእኚህን ሰው ምርቃት ሳትይዝ መመዝገብ አልፈለገችም ነበር። ስለዚህ ረጋ ብላ መለሰች።

"እውነትዎን ነው፤ ገበያ ለገበያ የሚበቃውን ያስተምራል። ግን ወርቂቱ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣች። ሒሳብ በአማርኛ ስጠይቃት የሚቀድማት የለም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲሆን ባዶ ወረቀት ትመልሳለች። ከእኩዮቿ ሁለት ክፍል ዝቅ አድርገው ከትንንሾቹ ጋር አስቀመጧት። ሰሞኑን 'ቲቸር፣ እኔ ጭንቅላት የለኝም፤ ትምህርቱን ልተው' አለችኝ።"

"ሰነፍ ብትሆንስ?"

"ይፍቀዱልኝና አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ።"

ከፈተናው አንዱን ጥያቄ በእንግሊዝኛ አነበበችላቸው። ጋሼ ዘገዬ 'ፓይፕ' እና 'ታንክ' የሚሉትን ለዩ፤ ሌላው አመለጣቸው። አስደገሟት። ደገመችላቸው።

"አላውቀውም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አንዱ ቧንቧ ሮቶውን በስድስት ሰዓት ይሞላዋል፤ ሌላው በሦስት። ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፈቱ..."

"በሁለት ሰዓት ነዋ" አሉ፣ ሳያስጨርሷት።

ከዚያ ወረቀቱን አዩት። "እኔ ታዲያ ይህን ፈተና ብቀመጥ እወድቅ ነበር?"

"ይወድቁ ነበር፣ ጋሼ። ሰነፍም ይባሉ ነበር።"

"እንዲህ ያለውን ልጅ መርዳት የሚያውቅ መምህር ትምህርት ቤታችሁ አለው?"

"የለውም።"

"ለሹመቱ ሰው አይጠፋም። አንቺ ያሰብሽውን ተማሪ፤ እግዚአብሔር ያስጨርስሽ።"

ማዕዶትም እያስተማረች ተማረች። ሹመቱን ሌላ ሰው ወሰደው። እሷ ግን የተማረችውን ሳታሳድር ክፍሏ ውስጥ ትሠራበት ነበር፤ ከቁጥሩ በፊት የጥያቄውን ቃላት ማስረዳት ጀመረች። ብዙ ሳይቆይ ወርቂቱ ከእኩዮቿ ክፍል ገባች። የፊዚክሱም የታሪኩም መምህራን ዘዴውን ሊጠይቋት መጡ። ትምህርት ቤቱም አዲስ የመጣን ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሳይፈትን ክፍል ዝቅ ማድረጉን ተወ።

ዛሬ የማዕዶትን ነገር የሰሙ ወጣት መምህራን ምን እንማር ብለው ጋሼ ዘገዬን ሲያማክሩ፣ እሳቸው መልሰው ይጠይቋቸዋል፦ "ክፍላችሁ ውስጥ የከበዳችሁ ነገር ምንድን ነው? እሱን ተማሩ።"