የታጠበው ዶማ

«ሰይጣን ዶማ አይዝም፣ ጋሼ አስረስ!» አለች ሣራ ከተቀመጠችበት ዱካ ብድግ ብላ። «እጅ የለውም። ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ነው።»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ቀበሌው ቅርብ ነው» አሉ አቶ አስረስ። «ደግሞስ እኔ ምን አዲስ ነገር ተናገርሁ? ሽማግሌ ሁሉ የሚለውን ነው ያልሁት። ሰይጣን አሳሳተው። ሰይጣንን እንርገመውና ይቅር ተባባሉ። አለቀ።»

«የት እንደቀበረው ሳይናገር?»

«አላስታውስም ካለ ምን ላድርገው? ጋርዶበት ይሆናል።»

«ማን ነው የጋረደበት?»

አቶ አስረስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ያንኑ መልስ ቢደግሙት ልጅቷም ያንኑ ጩኸት እንደምትደግመው ገባቸው።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነበር፤ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በባየ ቤት ደጃፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ባየ ከስምንት ዓመት በፊት «ፀረ አብዮት ነው» ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። ሬሳው አልተሰጠም። ለቅሶም ተከለከለ፤ ሚስቱ ለተብርሃን ጥቁር ለብሳ ገበያ በወጣች በሦስተኛው ቀን ጠርተው አስወለቋት። ስሙን ለቀበሌው የሰጠው ከአጥር ወዲያ የሚኖረው በዛብህ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ በዛብህ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ነበር። አሁን በሳል የሚያጣጥር፣ ደረቱ የጎደጎደ ሰው ሆኗል። የንስሐ አባቱ «መጀመሪያ ከባየ ቤት ታረቅ» ብለው ሥጋ ወደሙን ስለከለከሉት ሽማግሌ ልኮ መጣ። ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጭቃው ላይ ተንበርክኳል። ከክዳኑ ሣር የሚወርደው ጠብታ ድንጋዩን እየመታ ወደ አንገቱ ይገባል።

የዕርቁ ሥርዓት ሁሉም የሚያውቀው ነበር። በዳይ ድንጋይ ይሸከማል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ተነሥቶ ጥፋቱ የሰይጣን መሆኑን ይናገራል፤ ሁሉም ሰይጣንን ይረግማል። ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ድንጋዩ ይወርዳል። ከብት ማሳ ገብቶ ለተነሣ ጠብ ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገ አንድ ምንጭ የሚቀዱ ሰዎች ዛሬ ዓይን ለዓይን እንዳይተፋፈሩ ያደርጋል። የመንገድ ሥራ ካቦ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡት አቶ አስረስ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሲያስታርቁ ኖረዋል። የተገፋ ድንበር፣ የተደበደበች ሚስት፣ የተሰረቀ ቀፎ፣ ሁሉንም ለሰይጣን አሸክመዋል። ሰይጣን ደግሞ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።

ለተብርሃን ግን ተራዋ ሲደርስ «ይቅር» አላለችም። «ይቅር እላለሁ። መጀመሪያ ባሌን ስጡኝ» አለች። ምክንያት ነበራት። ከምንጩ በላይ ያለውን ጫካ ለመንግሥት ቡና ሊመነጥር ዶዘሩ ከረቡዕ ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሰኞ ጠዋት ይገባል። ባየ እዚያ ጫካ ውስጥ የሆነ ቦታ እንዳለ መንደሩ ሁሉ ይጠረጥራል። ሚዛን ተፈሪ የምታስተምረውን የባየን ታናሽ እኅት ሣራን ያስጠራቻትም ለዚሁ ነው፤ ሣራ በቡና መኪና ላይ ተሳፍራ ቅዳሜ ማታ ደርሳለች።

«ልጄ» አሉ አቶ አስረስ፣ ነገሩን በቀልድ ለማለዘብ ፈልገው፣ «እናንተን ትምህርት ቤት ሰይጣን የለም ብለው ነው አይደል የሚያስተምሯችሁ? ታዲያ ስለማታምኚበት ሰይጣን ከእኔ ጋር ምን አጨቃጨቀሽ?»

«አምንበታለሁ እንጂ። በደንብ አለ። ግን እርስዎ ከድርሻው በላይ ሰጡት።»

«እንዴት?»

«በፖለቲካ ትምህርቱ ሰዓት ሰው ለምን ክፉ ይሠራል ሲባል ‹ሁኔታው ነው› ይሉናል። እዚህ ስመጣ ‹ሰይጣን ነው› ይሉኛል። በሁለቱ መሀል በዛብህ ሾልኮ ይወጣል። የሚገርመው ይኸ ነው፤ ካድሬውና ሽማግሌው በሌላ በምንም አይስማሙም።»

ከአቶ አስረስ ጎን የተቀመጡት ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ከጅማ በኩል መጥተው ሱቅ የከፈቱት አቶ ሰማን፣ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እውነቷን ነው፣ አስረስ። እኔ ስኳር ስመዝን አጉድዬ ሸይጧን ነው ብልህ ትምረኝ ነበር?»

«አንተማ ሸይጧንን ራሱን ታጎድልበታለህ» አሉ አቶ አስረስ። ነገር ግን አልሳቁም። ወደ ሣራ ዞሩ። «ስሚ። እኔ ጸበል ቦታ ቆሜ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ሴት አራት ጎረምሶች ይዘዋት ታንገላታቸው ነበር። ድምፅዋ የወንድ ነበር። ያ የእሷ ፈቃድ ነው? ይህን ትክጃለሽ?»

«አልክድም።»

«እንግዲያስ!»

«ሲለቃትስ ምን አለች?»

አቶ አስረስ አሰብ አደረጉ። «የት ነው ያለሁት? አለች። ምንም አታውቅም ነበር።»

«እንዲያ ያለችውን ማንም ድንጋይ አያሸክማትም። ታማ ነበርና ጸበል ወሰዷት። በዛብህም እንደ እሷ ተይዞ ከነበረ ድንጋዩን ያውርዱለትና ጸበል ይውሰዱት፤ የሚታረቀው ነገር የለም። አልተያዘም ካሉ ግን ይናገር።»

«እሱማ...» ብለው ጀመሩ አቶ አስረስ።

በዚህ መሀል ለተብርሃን ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዶማ ይዛ ነበር። የዶማውን እጀታ ከበሩ መቃን አስደግፋ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ባየ ቀበሌ በታሰረ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በዛብህ በዚህ አጥር ብቅ ብሎ ‹ለተብርሃን፣ ዶማ አውሺኝ፤ የእኔ እጀታው ወልቋል› አለኝ። የባየን ዶማ ሰጠሁት። ጎረቤት ነው፣ ምን ልበለው? እንዲያውም ይምሩታል የሚል ተስፋ ስለነበረኝ ‹ባየን ስታገኘው ልጆቹ ደኅና ናቸው በልልኝ› አልኩት። እሺ አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ዶማውን መለሰልኝ። ታጥቦ ነበር። ከነእጀታው ታጥቦ። ስንት ዓመት ስንዋዋስ ከነጭቃው ነበር የሚመልስልኝ። ያን ዕለት ነው ባሌ እንደሞተ ያወቅሁት።»

በዛብህ ሳሉ ሊመጣበት ሲል ዋጠው።

«ጋሼ አስረስ» አለች ሣራ በቀስታ፤ አሁን አልጮኸችም። «ሰይጣን የያዘው ሰው ዶማ አጥቦ ይመልሳል?»

አቶ አስረስ ዶማውን አዩት። ባየ የክርስትና ልጃቸው ነበር። እጀታውን ከወይራ ጠርበው የሰጡት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ሳይፈልጉ ሌላ ቀን ታያቸው። ባየ በታሰረ በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የተጠራው ስብሰባ። ሊቀ መንበሩ «በእነዚህ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድ የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አለ። ከባየ ጋር አራት ነበሩ። ፊት ያሉት አነሡ፣ ጎን ያሉት አነሡ። ከዚያ የአቶ አስረስ እጅ ተነሣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለራሳቸው ሲነግሩት የኖሩት በእነዚህ ቃላት ነው፤ እጄ ተነሣ። ዶሮ ከቆጥ ተነሣች እንደሚባለው፣ እጃቸውን የራሱ ነፍስ ያለው ፍጥረት አድርገው።

«ታዲያ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ ይህን ጊዜ ለመርታት ሳይሆን ለማወቅ ነበር የጠየቁት፣ «የሰይጣን ድርሻ የቱ ነው? ከነጭራሹ ንጹሕ ነው ልትይኝ ነው?»

«አይደለም። የሰይጣን ሥራ ማሳየት ነው። ባየ ቀፎ የሚሰቅልበትን ዋንዛ፣ የቀፎውን ብዛት ለበዛብህ አሳየው። ‹ይህ ለአንተ ቢሆን› አለው። ያ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ ለማንም ያሳያል፤ ለእኔም ያሳየኛል። በዛብህ ግን ሐሳቡን ግባ አለው፤ አስቀመጠው፤ አበላው። ካድሬው ‹በሰፈርህ ማን አለ?› ብሎ በጠየቀው ጊዜ ሐሳቡ ቤተኛ ሆኖ ቆይቶታል። ያን ጊዜ አፉን የከፈተው ግን በዛብህ ነው።»

«አንቺ ያን ጊዜ ሚዛን ነበርሽ። ፍርሃቱን አታውቂውም። እምቢ ያለ ይሞት ነበር።»

«ልክ ነዎት፤ አላውቀውም» አለች ሣራ። «ፍርሃት የሰውን ፈቃድ ያጠበዋል። በፍርሃት የሠራና በቅናት የሠራ እኩል አይደሉም፤ ያንን የሚመዝነው እግዚአብሔር ነው። ግን ማጥበብና ማጥፋት አንድ ነው? እግዚአብሔር ፈጥሮን ሲያበቃ እንኳ ፈቃዳችንን አልወሰደብንም፤ እሱን ከመካድ እንኳ አልከለከለንም። ፈጣሪ ያልወሰደውን ሰይጣን ይወስዳል ካልን ማንን ነው ትልቅ ያደረግነው?»

አቶ ሰማን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስተግፊሩላህ። ይቺ ነገር ከባድ ናት።»

«ደግሞ ጋሼ፣ በየጠዋቱ አባታችን ሆይ ሲሉ ‹በደላችንን ይቅር በለን› ይላሉ። ቀጥለው ‹ከክፉ አድነን› ይላሉ። ሁለት ልመና ነው። በደሉም የክፉው ከሆነ የመጀመሪያውን ለምን ይለምናሉ? የንስሐ አባትዎ ፊት ሲንበረከኩስ ‹ሰይጣን በድሏል› ይላሉ ወይስ ‹በድያለሁ›?»

«በድያለሁ» አሉ አቶ አስረስ። ቃሉ እንደ ኑዛዜ ነበር የወጣው።

«ያን ቀን አስፈራርተውታል እንበል። ዛሬ ግን ማነው በዛብህን የሚያስፈራራው? ዛሬ ዝም ያለው በራሱ ፈቃድ ነው። ያለችው የዛሬዋ ቀን ብቻ ናት፤ ነገ ዶዘሩ አፈሩን ይገለብጠዋል። የእርስዎ ‹ሰይጣን ነው› ደግሞ ለዝምታው መጠለያ ሆነለት።»

አቶ አስረስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከክዳኑ ሥር ወጥተው ዝናቡ ውስጥ፣ በዛብህ አጠገብ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ለተብርሃን መልሰው እንዲህ አሉ፤

«ሽማግሌ ሆኜ ልቀመጥ አይገባኝም ነበር። ባየ ላይ እጅ ሲነሣ እኔም አንሥቻለሁ። ፈርቼ ነበር። ግን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ሣራ ወደ ለተብርሃን ዞረች። ይህን አልሰማችም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ለተብርሃን። «ከኋላዎ ቆሜ ነበር። በየዓመቱ ለልጆቹ ማር ሲያመጡልኝ ለምን እንደሚያመጡ አውቅ ነበር።»

አቶ አስረስ አጎነበሱ። በበዛብህ ማጅራት ላይ ያለውን ድንጋይ አንሥተው በራሳቸው ማጅራት ላይ አደረጉት። በዛብህ ቀና ብሎ አያቸው። እያለቀሰ አልነበረም፤ ፊቱ እንደ ደከመው ከብት ፊት ባዶ ነበር።

«ከምንጩ በላይ ነው» አለ። ድምፁ በሳል ተቆራረጠ። «ቀፎው ያለበት ዋንዛ ሥር፣ ፀሐይ መውጫ በኩል። ባየ ብቻውን ነው፤ ሌሎቹን ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ሥሩ እያስቸገረኝ ጠልቆ አልተቆፈረም፤ ሁለት ክንድ አይሞላም። ዋንዛውን ፈልጌ ነበር ስሙን የሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማር ልቆርጥ አንድም ቀን አልወጣሁበትም። አላስታውስም ያልኩት ውሸት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳላስታውስ አላደርኩም። ዶማውን ያጠብኩትም እኔ ነኝ፤ እንዳታውቂ ብዬ።»

አቶ ሰማን ድንጋዩን ከአቶ አስረስ ማጅራት አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወንዶቹ በአንድ ጊዜ ተናጋሪ ሆኑ፤ ከባድ ነገር ሲወጣ እንደሚሆነው። አቶ አስረስ ከእንግዲህ በሚቀመጡበት ሽምግልና ሰይጣን እንደማይከሰስ፣ በዳይ መጀመሪያ «እኔ» ብሎ ያደረገውን ከነቦታውና ከነቀኑ እንደሚናገር፣ ከዚያ ወዲያ ብቻ ይቅርታ እንደሚጠየቅ ተናገሩ። «ጥቅሙ ለተበዳይ ብቻ አይደለም» አሉ፤ «ይቅር የሚባለው ሰው ምን ይቅር እንደተባለለት ያውቃል። ስምንት ዓመት የተሸከምሁትን ክብደት አሁን ነው ያወቅሁት። ልጆቻችንም ነገ አንድ ሊቀ መንበር እጅ አንሡ ሲላቸው እጁ የራሳቸው መሆኑን አውቀው ይፈሩ።»

«ሰይጣንም ያርፋል» አሉ አቶ ሰማን። «ብዙ ሥራ አቀለላችሁለት።»

ሣራ አልሳቀችም። የባየን የክርስትና አባት ዓይን ላለማየት መሬት መሬት እያየች፣ ለፍትሐቱ ቄስ ማን እንደሚጠራ፣ ዐፅሙ በምን እንደሚጠቀለል፣ ዶዘር ነጂውን ማን እንደሚያነጋግረው ትጠይቅ ጀመር። አቶ አስረስ አንድ በአንድ መለሱላት። ጌጫ ያለውን ቄስ ዘመዳቸውን ማስመጣት ይሻላል አሉ፤ የዚህኞቹ ይፈራሉ። አቶ ሰማን ከሱቃቸው አቡጀዲ እሰጣለሁ አሉ። ሲመሽ ይሻላል ወይስ ጎሕ ሲቀድ በሚለው ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከራከሩ። በዛብህ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ተነሥ ያለው አልነበረም።

ለተብርሃን ነጠላዋን በወገቧ አሰረች። ከመቃኑ ዶማውን አነሣችና በቡናው መሀል ወደ ምንጩ የሚያወጣውን መንገድ ይዛ ሄደች።