የአያ አራጌ የፋሲካ ቅቤና የአህመድ ኦቾሎኒ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ከቆቦ እስከ ዋጃ ያለው አቧራ ሁሉ አፌ ውስጥ ይግባ። የሚጠራጠር ካለ ምስክሬ ታንጉት ዋጃ ላይ በሕይወት አለች፤ ሄዶ ይጠይቃት።

ዘመኑ ስድሳ ስድስት ነው፤ ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም። ራያ ሜዳ ላይ ዝናብ ከመጥፋቱ የተነሣ የጎሊና ወንዝ አሸዋ ውሃ የሚባለውን ነገር ረስቶት ነበር። ቁራ እንኳ ክንፍ የሚያነሣበት አቅም አጥቶ የመኪናውን መንገድ ይዞ በእግሩ ወደ ደሴ ይሄድ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቆቦ ዳር አያ አራጌ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከድርቁ በፊት ከብቶቻቸው ውሃ ሲወርዱ የፊተኛዋ ላም ጠጥታ ስትመለስ የኋለኛዋ ገና ከበረት አልወጣችም ነበር። ጎፈሬያቸውን ቅቤ ሳይቀቡ ገበያ የወጡበት ቀን አይታወቅም፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ግንባራቸው እንደ መስተዋት ሆኖ የዞብልን ተራራ ያሳይ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሀብት አሁን የቀረው ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ አንድ የቅቤ ቅል ነው። እሱንም ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም።

ቤት ውስጥ ምራታቸው ታንጉትና በታኅሣሥ የተወለደው ልጇ ኪዳን አሉ። የኪዳን አባት ሥራ ፍለጋ ሁመራ ከወረደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የታንጉት ጡት ደርቋል። ሕፃኑ ማልቀስ ትቶ ነበር፤ የሚያስፈራውም ይኸው ዝምታው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ አራጌ ከደጃቸው ወጣ ሲሉ ከአህመድ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። አህመድ የጎረቤታቸው ልጅ ነው። ደሴ ተምሮ ተመልሶ መንገድ ዳር በተሠራው የረሃብተኞች መጠለያ ይረዳል። በእጁ የተከደነ ሳህን ይዟል።

«እንደምን አረፈዱ፣ አያ?»

«እግዜር ይመስገን። ደሴ ድረስ ሄደህ ስትማር ከርመህ ሳህን ተሸካሚ ሆንክ? ምንድን ነው እሱ?»

«ኦቾሎኒ ነው። ከሐረር በኩል በመኪና የመጣ። ቆልቼ፣ ቅርፊቱን ገፍፌ፣ በእናቴ ወፍጮ ላይ አልሜ ፈጨሁት። ዘይቱን ራሱ እያወጣ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ለታንጉት ነው።»

«ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ!»

«እናቴም ይህንኑ ብላ ስትስቅብኝ ነው ያረፈደችው።»

«ይሳቅብህ እንጂ! ደግሞ እንደ ቅቤ አልክ?» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ሮቢት ድረስ ተሰምቶ ሁለት አህዮች ደነበሩ። «ቅቤ ከላም ነው የሚወጣ። የአራጌ ምራት ቤቷ ቅቤ ተሰቅሎ የመጠለያ ነገር አትቀምስም። ለፋሲካ ያስቀመጥኩት አለኝ፤ ሲፈሰክ ትበላለች።»

አህመድ ሳህኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ቀስ ብሎም፣ «ለፋሲካ ኪዳን ይደርሳል ወይ፣ አያ?» አለ።

ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ልጁንም ከነፍሳቸው አብልጠው ይወዱታል። ነገር ግን የለመድነውን ስንይዝ እጃችን አይላቀቅም። በዚህ ቤት የሰው ሕይወት በአንድ ቅል ጎን ተንጠልጥሎ ነበር።

«ጾሙስ?» አሉ ሌላ መሸሻ አግኝተው።

«እኔ እስላም ነኝ፤ ጾምዎን ላስተምርዎ አልደፍርም። ኦቾሎኒ ግን እንደ ሽምብራ የመሬት ፍሬ ነው፤ የፍስክ ነገር የለበትም። ቄስ ገብረ ማርያም ዛሬ ጠዋት ከሳህኑ በጣታቸው ጠርገው ቀምሰዋል።»

«እሳቸውማ ካገኙ ሳህኑንም አይምሩት!»

ታንጉት ደጁ ላይ ልጇን እንደታቀፈች ፈገግ አለች። አያ አራጌ ይህን ሲያዩ በረቱ።

«ስማ እንግዲህ። እኔ የተወለድኩ ቀን እናቴ ቅቤ አስውጣኛለች። ይኸው ስንት ዘመን ቆሜ እሄዳለሁ!»

«ያደጉት በእናትዎ ጡት ነው፣ አያ። ቅቤ ውጠው ያላደጉትም ብዙ ናቸው፤ እነሱ መጥተው አይከራከሩንም እንጂ።»

«ምን ሊያደርግ ቅቤ?»

«ጨቅላ ሲውጥ ያንቀዋል። ደግሞ ሳይነጠር ቅል ውስጥ የከረመ ቅቤ የሆድ በሽታ ይዞ ይገባል። ለኪዳን ኦቾሎኒም ቢሆን አልሰጠውም። እናቱ ትብላ፤ እሱ እሷን ይጥባ።»

«ስለዚህ ቅቤ መጥፎ ነው በለኛ!»

«አልወጣኝም! ሽሮ ላይ ጠብ ሲል ጎረቤት ሆኜ በመዓዛው ብቻ ስንት እንጀራ ጨርሻለሁ። በመዓዛና በጣዕም የሚደርስበት የለም። ነገር ግን ቅቤ ስብ ብቻ ነው። ኦቾሎኒ ስቡም አለው፤ እንደ ባቄላ ሰውነት የሚጠግነውም አለው። ቅቤ ላም ይፈልጋል፤ ላሟ ሣር ትፈልጋለች፤ ሣሩ ዝናብ ይፈልጋል። ዝናቡ የታለ፣ አያ?»

«ያንተው ነቀፌታ የለውም?»

«አለው። የሻገተው መርዝ ነው። ፍሬ በፍሬ ለቅሜ ነው የቆላሁት።»

ጉድለቱን አልደበቀምና ይህ መልስ የሽማግሌውን ልብ ነካ። እጅ ለመስጠት ግን አፈሩ። «ቅቤ ከሆነ ራስ ላይ ይፈተናል!» አሉና ከሳህኑ በጣታቸው ዝቀው ጎፈሬያቸውን ለቀለቁት።

ከዚያ የሆነውን ዓለም ይመስክር። ቆቦ ውስጥ ከረሃቡ ተርፋ የነበረችው የመጨረሻዋ ዶሮ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ በርራ አናታቸው ላይ ቆመች! ከዞብል ንብ ወረደ። አያ አራጌ ባርኔጣ እንደተሸከመ ሹም ዶሮዋን ተሸክመው መንገዱን ሲዞሩት በመጠለያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እዚያ መጠለያ ውስጥ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ፀሐዩ ያቀለጠው ኦቾሎኒ በግንባራቸው ወርዶ ከንፈራቸው ላይ ደረሰ። ላሱት። ቆሙ። ደግመው ላሱት።

«ጨው ጎድሎታል» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታንጉት፣ ተቀበዪው። ብዪ፣ ልጄ» አሏት።

ታንጉት በላች። በየቀኑም ቀጠለች። ሆሣዕና ሳይደርስ ጡቷ እንደ ክረምት ጎሊና ሞላ፤ ኪዳንም ከመጥገቡ የተነሣ ሲያለቅስ ዋጃ ላይ ያሉ እናቶች ልጃችን ነው እያሉ ይነሡ ነበር። ያን ልቅሶ የሰማ ሁሉ እፎይ አለ።

ፋሲካ ሲሆን አያ አራጌ ቅሉን በሕዝብ ፊት አወረዱ። የድፎውን ግማሽ ቅቤ፣ ግማሹን ኦቾሎኒ ቀብተው እያፈራረቁ ቀመሱ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። «ለሽታው ቅቤን አልክደውም» ሲሉ ፈረዱ፤ «ለጉልበት ግን የአህመድን ስጡኝ።» ከዚያ በኋላ የኪዳንን ሠርግ ለማየት በቅተዋል፤ እዚያም ከሙሽራው በላይ ጨፍረዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ላም ያለው ቅቤውን አንጥሮ፣ በንጹሕ ዕቃ አኑሮ፣ በልክ ይብላ። ላም የሌለው በጓሮው ኦቾሎኒ ይዝራ። የሻገተውን ጥሎ፣ ደኅናውን ቆልቶ ይፍጭ። ለጿሚም ለእስላምም ይሆናል፤ የምታጠባ እናትን ያበረታል። ለአራስ ልጅ ከጡት በቀር ምንም አይሰጠው። አያ አራጌን ያህል ሰው ተከራክሮ ከተረታ ሌላው ምን ይጠብቃል?

ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ምስክርነቷን እንድትሰጥ ዋጃ ሄጄ ለታንጉት አነበብኩላት። ሰፌድ ይዛ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ዶሮዋ ላይ ስደርስ ሳቀች። ስጨርስ ግን ከሰፌዱ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ማማሩስ ያምራል። ግን ዶሮ አልነበረችም፤ ብትኖር በልተናት ነበር። ክርክርም አልነበረም፤ አማቼ የሚከራከሩበት አቅም ከየት መጥቶ? ቅሉም ባዶ ነበር። ቅቤውን በአራስነቴ ለእኔ አብልተው ጨርሰውታል። አህመድ ኦቾሎኒውን ለሁለታችን እኩል አካፍሎ ሲያቀርብ፣ ‹እኔ ቅቤ አለኝ፤ የኔን ለሷ አድርግላት› አሉት። ያን ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።»

ጥቂት ጠጠር ለቅማ ወደ ደጅ ጣለች።

«በማግስቱ አህመድ ሲገባ ቅሉን በእጁ ነካ አድርጎ መዘነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳህን እያመጣ፣ አማቼ የራሳቸውን በልተው እስኪጨርሱ ከፊታቸው አይነሣም ነበር።»